«ሰውህን ያዝ!»፦ ኮርና ላይ ሰው በሰው መያዝ የሚያስገባብን ጎል

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2014፣ ቤሎ ኦሪዞንቴ። የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነው፤ ብራዚል ከጀርመን። በ11ኛው ደቂቃ ጀርመን ኮርና አገኘች። ቶኒ ክሮስ አሻማ። ቶማስ ሙለር ጎሉ አፍ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ማንም ሳይነካው፣ በቀኝ እግሩ አስገባት።

ያን ጨዋታ ሁላችንም የምናስታውሰው 7ለ1 በሚለው ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ስለገቡት አራት ጎሎች ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ደጋግሜ የማየው የመጀመሪያዋን ጎል ነው። ሙለርን የያዘው ዳቪድ ሉዊዝ ነበር። ካፒቴኑ ቲያጎ ሲልቫ በካርድ ተቀጥቶ ስለነበር የዕለቱ አምበል እሱ ነው። ኮርናው ሊመታ ሲል ሉዊዝ ከሙለር አጠገብ ነው። ሙለር ሲነሳ አብሮ ተነሳ። መንገዱ ላይ ግን ሌላው የጀርመን አጥቂ ሚሮስላቭ ክሎዘ አለ፤ ክሎዘን የሚጠብቅም አለ። ሉዊዝ እዚያ ግርግር ውስጥ ገባ። ተጋፋ፣ ሊሾልክ ሞከረ፣ አልቻለም። ሲወጣ ሙለር ርቆታል፤ ኳሷም ደርሳለች።

ብዙ ሰው ሉዊዝን ወቀሰ። ሰውየው ግን አልተኛም። የሚጠብቀውን አልረሳም። እየተከተለው ነበር። የተሰጠውን ሥራ እየሠራ እያለ ነው ጎሉ የገባው። ስለዚህ ሥራውን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው በራሴም ስለደረሰ ነው። ልጅ ሆነን የሰፈር ቡድን ውስጥ ስንጫወት ኮርና ሲመጣብን አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፦ «ሰውህን ያዝ!» አሰልጣኙ ከመስመር ውጪ ይጮሃል። በረኛው ከጀርባ ይጮሃል። እኔ ግራ ተመላላሽ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ በጭንቅላት የሚበልጥ ልጅ ደረሰኝ። ማሊያውን ከወገቡ በላይ በሁለት ጣት ቆንጥጬ ያዝኩ። ላቡ ይታወቀኛል። ትንፋሹን እሰማለሁ። ኮርና መቺው ሲንደረደር ኳሷን ለማየት ዞር አልኩ። ማሊያው ከጣቴ ሸርተት ሲል ተሰማኝ። መልሼ ስዞር ልጁ የለም። ቀጥሎ ያየሁት ጀርባውን ነው፤ አየር ላይ። ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ያ ጎል የእኔ ጎል ሆኖ ቀረ። ለብዙ ዓመት እኔም እንደዚያ አምኜ ኖርኩ።

አሁን አላምንም። ምክንያቱን ላስረዳ።

ኮርና ሲመጣብህ ለመከላከል ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንደኛው ሰው በሰው መያዝ ነው። ለእያንዳንዱ አጥቂ ጠባቂ ይመደብለታል፤ እሱ የሄደበት ትሄዳለህ። ሁለተኛው ቦታ መያዝ ነው፤ ዞን የምንለው። አምስት ከሃምሳው ላይ፣ ማለትም ጎሉ ፊት ባለችው ትንሿ ሳጥን ላይ ተሰልፈህ የተሰጠህን ቦታ ትጠብቃለህ፤ እዚያ የመጣች ኳስ ያንተ ናት። በዚህ ዘመን ትልልቆቹ ቡድኖች በአብዛኛው ሁለቱን ይቀላቅላሉ። ሰፈር ሜዳ ዳር ብትቆም ወይ ዲኤስቲቪ ቤት ብትቀመጥ ግን የምትሰማው የመጀመሪያውን ነው። ጎል ሲገባ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ማነው የያዘው?»

ዓይን ሁለት ቦታ አያይም

ኳሷ የምትመጣው ከጎን ነው። የምትይዘው ሰው ደግሞ ሌላ ጎን ነው። ኳሷን ካየህ ሰውየው ይጠፋል። ሰውየውን ካየህ ኳሷ መቼ እንደምትደርስ አታውቅም። ጎበዝ ተከላካይ ሰውነቱን ከፈት አድርጎ ሁለቱንም በዓይኑ ጫፍ ለመያዝ ይሞክራል። ይህ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል። ግን የሜዳው ስፋት 68 ሜትር ከሆነ ከማዕዘኑ እስከ ጎሉ መሃል 34 ሜትር ብቻ ነው። ጥሩ መቺ ኳሷን በሁለት ሰከንድ ገደማ ያደርሳታል። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ኳሷን አይተህ፣ ሰውየውን አይተህ፣ እንደገና ኳሷን አይተህ መዝለል አለብህ።

አጥቂው ይህ ጣጣ የለበትም። አንተን ማየት አያስፈልገውም። ኳሷን ብቻ ያያል። መቼ እንደሚነሳ ያውቃል፤ ወዴት እንደሚሄድም ያውቃል። ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመደው ከርሟል። መቺው እጁን ሲያነሳ ምልክቱ ለእሱ ነው። አንተ የምታውቀው እሱ ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ትዘገያለህ። ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም፤ ሥራህ መከተል ስለሆነ ነው። የሚከተል ሰው መቼም ከኋላ ነው።

አንድ እርምጃ ደግሞ ኮርና ላይ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. 2010 ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ላይ ስፔን ከጀርመን ጋር ግማሽ ፍጻሜ ስትጫወት የነበረውን አስታውሱ። 73ኛው ደቂቃ። ዣቪ ከግራ በኩል ኮርና አሻማ። ካርሌስ ፑዮል ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ነው። የጀርመን ተከላካዮች ብዙዎቹ ይበልጡታል። ግን ፑዮል የተነሳው ከሩቅ ነው። እየሮጠ መጥቶ በሩጫው ጉልበት ወደ ላይ ተነሳ። የቆሙት ሁሉ ከሥሩ ቀሩ። ኳሷን በግንባሩ መትቶ ስፔንን ለፍጻሜ አሳለፋት። እንዲህ የሚመጣን ሰው ሰው በሰው ለመያዝ አብረኸው መሮጥ አለብህ። አብረኸው ስትሮጥ ደግሞ እሱ ወደ ኳስ ይሮጣል፤ አንተ ወደ ሰው።

«ረጅሙን በረጅም ያዝ» የሚለው ምክርም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. 2018 ሴንት ፒተርስበርግ፣ ፈረንሳይ ከቤልጂየም፣ ሌላ ግማሽ ፍጻሜ። 51ኛው ደቂቃ ላይ አንትዋን ግሪዝማን ኮርና መታ። ሳሙኤል ኡምቲቲ ወደ ቅርቡ ቋሚ፣ ኮርናው በሚመታበት በኩል ወዳለው የጎል ቋሚ ሮጠ። እሱን የያዘው የቤልጂየሙ ማርዋን ፌላይኒ ነው። ፌላይኒ 1 ሜትር ከ94፣ ኡምቲቲ 1 ሜትር ከ82። የአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት። በዘመኑ እንደ ፌላይኒ በአየር ኳስ የሚፈራ ሰው ጥቂት ነበር። ኡምቲቲ ግን ቀድሞት ፊቱ ገባ። ከፊት የገባ ሰው ቁመት አያስፈልገውም። ጨዋታው 1ለ0 አለቀ። ፈረንሳይ ፍጻሜ ገባች፤ ዋንጫውንም ወሰደች።

ብራዚል ይህን ትምህርት ከቤሎ ኦሪዞንቴ 16 ዓመት ቀድማ በውድ ከፍላበታለች። የ1998ቱ ፍጻሜ ላይ ዚነዲን ዚዳን ሁለት ጎል በጭንቅላቱ አገባባት፤ ሁለቱም ከኮርና፣ ሁለቱም ከዕረፍት በፊት። አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ። ዚዳን በእግሩ እንጂ በጭንቅላቱ የሚታወቅ ሰው አልነበረም።

ተጋጣሚህ ሲያሰልፍህ

ለእኔ ትልቁ ድክመት ግን ሌላ ነው። ብዙም ሲወራ አልሰማም።

ሰው በሰው ስትይዝ ተከላካዮችህ የት እንደሚቆሙ የሚወስነው ማነው? አንተ አይደለህም። ተጋጣሚህ ነው። የእሱ ሰው የቆመበት የአንተም ሰው ይቆማል። እሱ አምስት ሰው ወደ ሩቁ ቋሚ ከላከ የአንተም አምስት ሰው እዚያ ይሄዳል። ቅርቡ ቋሚ ባዶ ይሆናል። ባዶ ያደረገው እሱ ነው፤ መቼ እንደሚገባበትም የሚያውቀው እሱ ነው።

እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ቡድንህ ውስጥ በቴስታ አንደኛ የሆነው መሃል ተከላካይ አለ። ተጋጣሚህ ይህን ያውቃል። ተከላካይህ የሚይዘውን ሰው 16 ከ50 ጫፍ ላይ፣ ማለትም ትልቁ ሳጥን ጫፍ ላይ ያቆመዋል። ተከላካይህም አብሮ ይወጣል። ኳሷ የምትሻማው ግን አምስት ከሃምሳው ውስጥ ነው። የአየር ኳስ ንጉሥህ ከኳሷ አሥር ሜትር ርቆ፣ ኳስ የማይመታ ሰው እየጠበቀ ነው። ማንም ሳይነካው ከጨዋታው ወጣ። ይህን ለማድረግ ተጋጣሚህ አንድ ሰው ብቻ ነው የከፈለው።

ማነው ማንን የሚገጥመው የሚለውም እንደዚሁ ነው። ወረቀት ላይ ምርጥ ተከላካይህን ለምርጥ አጥቂያቸው ትመድባለህ። ሜዳ ውስጥ ሁለት አጥቂዎች ይሻገራሉ፤ ጠባቂዎቹ ይጋጫሉ ወይ ይቀያየራሉ። አንዱ «አንተ ያዘው» ሲል ሌላው አልሰማም። አንድ ሰው ሁለት ጠባቂ፣ ሌላው ባዶ።

እዚህ ላይ ኦፍሳይድ እንደሌለ አትርሱ። በሕጉ ከኮርና በቀጥታ የመጣች ኳስ ላይ ኦፍሳይድ የለም። አጥቂው በረኛው ላይ ተለጥፎ መቆም ይችላል። ሰው በሰው የምትይዝ ከሆነ የአንተም ሰው በረኛህ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። የገዛ በረኛህ የሚወጣበትን መንገድ በሁለት ሰው ዘጋኸው ማለት ነው።

ግድግዳው

ሉዊዝን ያስቀረው ይሄ ነው፤ ግርግሩ። ቅርጫት ኳስ የሚያይ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አንዱ ተጫዋች ቆሞ መንገድ ይዘጋል፤ ጓደኛው በዚያ ጥላ ሥር ያመልጣል። ሰው በሰው ለሚይዝ ቡድን ይህ መርዝ ነው። ምክንያቱም ጠባቂው መሄድ ያለበት መንገድ አስቀድሞ ይታወቃል፤ አጥቂው የሄደበት ነው። የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ሰውን ማስቆም ቀላል ነው።

ቦታ የያዘ ተከላካይ ላይ ግን እንዲህ ማድረግ ይከብዳል። መሄጃ የለውም፤ ቆሟል። የምትዘጋበት መንገድ የለውም። ልትጋፋው ትችላለህ፤ ያ ግን ለዳኛው ዓይን ይበልጥ ይጋለጣል።

የያኔው የእንግሊዝ አሰልጣኝ ጋሬዝ ሳውዝጌት ከ2018ቱ ዓለም ዋንጫ በፊት የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ ያጠናው ያለ ነገር አይደለም። ኮርና ሲመታ የእንግሊዝ ተጫዋቾች እንደ ባቡር በአንድ ረድፍ ይሰለፉ ነበር። ኳሷ ስትነሳ ባቡሩ ይበተናል። እስቲ ባቡር ውስጥ ያለን ሰው ሰው በሰው ያዙ! ከፊትና ከኋላው የራሱ ጓደኞች አሉ፤ ጠባቂው አጠገቡ የሚቆምበት ቦታ የለም። ሲበተኑ ደግሞ ማን በየት እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። እንግሊዝ በዚያ ውድድር ካገባቻቸው 12 ጎሎች 9ኙ፣ ፔናሊቲን ጨምሮ፣ ከቆመ ኳስ (እንደ ኮርናና ቅጣት ምት ካሉ) የመጡ ናቸው። ቱኒዚያ ላይ ሃሪ ኬን ሁለቱንም ከኮርና አገባ፤ ሁለተኛዋ የባከነ ሰዓት ላይ ናት። ስዊድን ላይ ሃሪ ማጓየር በ30ኛው ደቂቃ እንዲሁ።

አሁን ይህን ጥበብ ከሁሉ በላይ ያሳደገው አርሰናል ነው። የቆመ ኳስ አሰልጣኙ ኒኮላስ ዦቨር እ.ኤ.አ. 2021 ከማንችስተር ሲቲ ነው የመጣው። በ2023/24 አርሰናል ከኮርና 16 የሊግ ጎል አገባ፤ ይህ በጊዜው ከነበረው የፕሪሚየር ሊግ ክብረ ወሰን ጋር የተስተካከለ ቁጥር ነው። አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ሁሉም ሩቁ ቋሚ አካባቢ ተከማችተው ይቆማሉ። አንዱ በረኛው ዘንድ ይሄዳል። ቡካዮ ሳካ ወይ ዴክላን ራይስ እጁን ያነሳል። ከዚያ ክምችቱ በአንድ ጊዜ ወደ አምስት ከሃምሳው ይወርዳል። ኳሷ ወደ ጎሉ እየታጠፈች ትመጣለች። ከክምችቱ ውስጥ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ገብርኤል ማጋሌስ፣ ነጻ ይወጣል።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ቶተንሃም ሜዳ ላይ በ64ኛው ደቂቃ የሆነው ይሄው ነው። ገብርኤልን የያዘው ክርስቲያን ሮሜሮ ነበር፤ የዓለም ዋንጫ ያነሳ የአርጀንቲና ተከላካይ። ገብርኤል ትንሽ ገፋ አደረገው፤ ያቺ አንዲት እርምጃ ተከፈተች፤ ሳካ ያሻማት ኳስ ገባች። አርሰናል ራይስንም አምበሉን ኦዴጎርንም ሳይዝ 1ለ0 አሸነፈ። በሳምንቱ ኢትሃድ፣ የማንችስተር ሲቲ ሜዳ ላይ ተደገመ። ገብርኤልን የያዘው ካይል ዎከር ነው። ከደቂቃዎች በፊት ተመሳሳይ ኮርና ላይ ገብርኤል ስቶ ነበር፤ ሲቲዎች ማስጠንቀቂያውን አይተዋል። ዕረፍት ሊወጡ ሲል ገብርኤል ከዎከር በላይ ተነስቶ አገባ። አንድ ሰው አንድን ሰው ያዝ ተብሎ ለብቻው ሲተው እንዲህ ነው። ዎከር በሩጫ ዓለምን ያስደነቀ ተከላካይ ነው። ያን ዕለት ፍጥነቱ ምን ይሠራለታል?

የመከላከያው ሰንሰለት አንድ ቦታ ሲበጠስ የሚሸፍን የለም። ነጥቡ እዚህ ጋ ነው። ሰው በሰው ስትይዝ ስድስት የተለያዩ አንድ ለአንድ ትግሎች አሉህ። አምስቱን አሸንፈህ አንዱን ብትሸነፍ ጎል ነው። ጓደኛህ ሊረዳህ አይችልም፤ የራሱ ሰው አለበት፤ ከለቀቀው ያ ደግሞ ያገባል።

እጅና ፊሽካ

አንድ እርምጃ የዘገየ ሰው ምን ያደርጋል? ይጎትታል። እኔም ማሊያ የቆነጠጥኩት ለዚህ ነው። ሰው በሰው መያዝ ድሮ በጉተታ ነበር የሚኖረው። ዳኛው ሃያ ሰው በአንዴ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ያልፋል።

ዛሬ ካሜራው ያያል። ቫር፣ ዳኛውን የሚረዳው ቪዲዮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ላይ የዋለው በ2018 ነው። በዚያ ውድድር 29 ፔናሊቲ ተሰጠ፤ እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር ነው። ፓናማ ከእንግሊዝ ስትጫወት ኮርና ሲመጣባት ተከላካዮቿ አጥቂዎቹን እንደ ታጋይ አቅፈው ይይዙ ነበር። ከዕረፍት በፊት ኮርና ላይ በዚሁ ጉተታ ፔናሊቲ ተሰጠባቸው፤ ኬን አገባ። ጨዋታው 6ለ1 አለቀ። ፓናማዎቹን አያቸውና አዝናለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ የገባ ቡድን ነው። የተማሩት ይሄን ነበር፤ ሰውህን አትልቀቅ።

አንድ ሕግ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኮርናው ከመመታቱ በፊት የሚደረግ ጉተታ ፔናሊቲ አያሰጥም፤ ኳሷ ገና በጨዋታ ላይ አይደለችምና። ዳኛው ማስቆም፣ መምከር፣ ካርድ ማሳየት ይችላል። ከተመታች በኋላ ግን ፔናሊቲ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ተከላካዩ ሰውየው የሚያመልጠው በዚያችው ቅጽበት ስለሆነ አጥብቆ የሚይዘው ልክ ሕጉ ሲከብድ ነው።

ቅያሪም አለ። ኮርና ሊመታ ሲል ሰው ተቀየረ እንበል። የወጣው ማንን ይዞ ነበር? የገባው ይህን ያውቃል? ወይ ተከላካይህ ተጎድቶ ከመስመር ውጪ እየታከመ ነው። ሰንሰለቱ ወዲያው አንድ ቀለበት ይጎድለዋል። «ኮርና ሲመጣ አትቀይር» የሚለው የድሮ አሰልጣኞች ምክር የመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ ለምን እንወደዋለን?

ዞንም ጎል ይገባበታል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ቆሞ የሚዘል ተከላካይ እየሮጠ የሚዘል አጥቂን አይስተካከልም። ሁለት ቦታ መሃል የወደቀች ኳስ ባለቤት ታጣለች፤ አንተ ትመታታለህ ስል አንተ እኔን ትጠብቃለህ። ማንችስተር ዩናይትድ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ኦገስት 17 ቀን 2025 በ13ኛው ደቂቃ ከአርሰናል የገባበት ጎል ብዙ ያስተምራል። በረኛው አልታይ ባይንድር በአጥቂ ተከቦ ራይስ የመታትን ኮርና በደንብ ሳያወጣ ቀረ፤ ሪካርዶ ካላፊዮሪ በጭንቅላቱ አገባ። የበረኛህን መንገድ የሚያስከፍት ሰው ካልመደብክ ማንኛውም ዘዴ ይፈርሳል።

ስለዚህ ክርክሩ ዞን ንጹህ ነው የሚል አይደለም። «ክፍት ቦታ ጎል አያገባም፤ ሰው ነው የሚያገባው» ይላሉ የሰው በሰው ደጋፊዎች። አባባሉ ጥሩ ይመስላል። ግን ሰውየው ጎል የሚያገባው የሆነ ቦታ ላይ ቆሞ ነው። አብዛኛው የኮርና ጎል የሚገባበት ቦታ ደግሞ ይታወቃል፤ አምስት ከሃምሳውና ዙሪያው ነው። ሰውየው የት እንደሚሄድ አታውቅም። ኳሷ የት ስትደርስ እንደምትጎዳህ ግን ታውቃለህ። የሚታወቀውን ትተን የማይታወቀውን የምናሳድደው ለምንድነው?

አንዱ ምክንያት ጥፋተኛ ለማግኘት ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል። ሰው በሰው ስትይዝ ጎል ሲገባ ስም አለ። አሰልጣኙ ጣቱን ይቀስራል፤ ነገሩ ተዘጋ። ዞን ላይ ጎል ሲገባ የሁሉም ነው። ዘዴው ይጠየቃል፤ ዘዴው ሲጠየቅ ደግሞ ያወጣው አሰልጣኝ ይጠየቃል። ልጅ ሆኜ ያ ጎል በእኔ ስም የተመዘገበው ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሌላው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። በትልልቅ ሊጎች ከ100 ኮርና ጎል የሚሆኑት 3 ወይም 4 ገደማ ናቸው። ማለትም መጥፎ ዘዴ ብትጠቀምም አብዛኛው ጊዜ ጎል አይገባብህም። ሰውየው ያመልጣል፤ ኳሷ ግን በላዩ ታልፋለች። ወይ መቺው ያበላሻታል። ወይ በረኛው ያወጣታል። አንተ ግን «ይሠራል» ብለህ ትቀጥላለህ። ያመለጠውን ሰው የሚቆጥር የለም፤ የሚቆጠረው ጎሉ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን ሙሉ ዓመት ተጫውቶ ኮርና ላይ ጥሩ መከላከያ ነበረኝ ብሎ ያምናል። ቀጥሎ ሥራውን የተለማመደ ቡድን ይመጣና በአንድ ጨዋታ ሁለቴ ያገባበታል። ዲሴምበር 4 ቀን 2024 ዩናይትድ አርሰናል ሜዳ ላይ 2ለ0 ሲሸነፍ ሁለቱም ጎሎች ከኮርና ነበሩ፤ አንዱ በዩሪየን ቲምበር፣ አንዱ በዊሊያም ሳሊባ በኩል።

ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ አሰልጣኞች ቅልቅሉን የሚመርጡት። አምስት ወይ ስድስት ጎበዝ ዘላዮች አምስት ከሃምሳው ላይ ቦታ ይይዛሉ። ዓይናቸው ኳስ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ወይ ሦስት ሰው ደግሞ ከፊታቸው ቆመው የተጋጣሚን ምርጥ ዘላዮች ሩጫ ያቋርጣሉ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሦስቱ ሰው ይይዛሉ ቢባልም ኳሷን በጭንቅላት ማሸነፍ አይጠበቅባቸውም። ሥራቸው አጥቂው እየተንደረደረ እንዳይደርስ ማዘግየት ብቻ ነው። ከኋላቸው የሚሸፍን አለ። ቢያመልጣቸውም ዓለም አያበቃም። ሰው በሰው መያዝ እዚህ ጋ ቦታውን አገኘ እላለሁ፤ ረዳት ሆኖ።

ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ያሉ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ማሠልጠን ጀምሬ ነበር። ሜዳው ኮረኮንች ነው፤ መስመር የለውም። አምስት ከሃምሳው ይሆናል ብለን በገመትነው ቦታ አምስት ድንጋይ በረድፍ አስቀመጥኩ። «ኮርና ሲመጣ ድንጋያችሁ ላይ ቁሙ» አልኳቸው። አንዱ ልጅ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ የኔ ሰው ማነው?» አለኝ። ማንም የለህም አልኩት። ግራ ገብቶት ቆየ። በኋላ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ እንደምንም ደስ አላለውም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ከኮርና ጎል ገባብን። ኳሷ ቅርቡ ቋሚ ላይ፣ በመጀመሪያው ድንጋይና በቋሚው መሃል ነበር ያለፈችው። እኔ ልጮህ ስል ልጆቹ ቀደሙኝ። ግን ማንም የማንንም ስም አልጠራም። ያ «የኔ ሰው ማነው?» ያለኝ ልጅ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሳና አንድ እርምጃ ወደ ቋሚው አስጠጋው።